ከብት ተራ ላይ የበቀሉት አርባ አንድ ቤቶች

እማማ ዓለምሸትን "የሉም" ያለቻቸው ነርሷ አብርሆት ናት። ያለችውም ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ነው።

"የለሁም ማለት?" አሉ እማማ ዓለምሸት፣ የቀበሌውን ጤና ኬላ ሲሚንቶ በዱላቸው ሁለቴ መታ መታ አድርገው።

"ካርታው ላይ ነው እማማ። እዚህ ታብሌት ላይ የቀበሌው አዛውንት ሁሉ ቤት በነጥብ በነጥብ ተቀምጧል። የእርስዎ ነጥብ የለም።"

"እኔ አለሁ፣ ነጥቤ ግን የለም።"

"አዎ።"

"መድኃኒቱን የምትሰጪው ለሰው ነው ለነጥብ?"

አብርሆት ከሩቅ አገር ተመድባ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው፤ መዋሸት አልተማረችም። ግንባሯን አከክ አከክ አደረገችና "ከዚህ ወር ጀምሮ ለነጥብ ነው" አለች።

እንግዲህ ይህ የተባለላቸው ሴትዮ ከቦኬ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ሃምሳ ስድስት ዓመት የኖሩ ናቸው። እዚያ ተድረው መጡ፤ እዚያ ስድስት ወለዱ፤ እዚያ ባላቸውን ቀበሩ፤ እዚያው ሆነው ከአራት የቀበሌ ሊቀ መንበር ጋር ተጣልተው አራቱንም ሸኙ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ "ዓለምሸት የለችም" ብሎ አያውቅም። ጠላቶቻቸውም ቢሆኑ "ምነው ባልኖረች" ነው የሚሉት፤ መኖራቸውን የካደ አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው ከሁለት ወር በፊት በአንድ የገበያ ቀን ነው። ያን ጊዜ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ለመውሰድ አዛውንቱ ሁሉ ቦኬ ድረስ ይወርድ፣ መውረድ ያልቻለም ሰው ይልክ ነበር፤ ቁልቁለቱ ሁለት ሰዓት፣ ዳገቱ እንደ ጉልበቱ። ከዚያ አንድ ፕሮጀክት መጣ ተባለ። የእያንዳንዱ አዛውንት ቤት ካርታ ላይ ይገባል፣ መድኃኒቱን ሞተር ደጃፍ ድረስ ያመጣል ተባለ። እማማ ዓለምሸት ሳይቀሩ መረቁ። እሳቸው ደግሞ በቀላሉ የሚመርቁ ሰው አይደሉም።

ቤቶቹን እንዲመዘግብ ከጭሮ የተላከው እንዳሻው የሚባል ጎልማሳ ነው። ነጭ ጫማ አድርጎ ከመኪና ወረደ። ኮረብታውን አየ። ጫማውን አየ። ደግሞ ኮረብታውን አየ። ከዚያ ከብት ተራው ዳር ካለው ሾላ ሥር ወንበር አስመጣና ጫቱን ከጎኑ አስቀምጦ ተቀመጠ። ለገበያ የወረደ አዛውንት ሁሉ መጥቶ እንዲመዘገብ አስለፈፈ።

አዛውንቱ ተሰለፈ። "ቤትዎ የት ነው?" ይላል እንዳሻው።

"ከወንዙ ተሻግረህ ውሻ እስኪጮህብህ ትሄዳለህ" አሉት ኦቦ ቢራቱ። "ሁለተኛው ውሻ ሲጮህ ትቆማለህ። እኔ እወጣለሁ።"

እንዳሻው ራሱን ይነቀንቅና "የቤቱን ቦታ መዝግብ" የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ሾላው ሥር እንደተቀመጠ አርባ አንድ ጊዜ ተጫነ። የቀረውን ሳተላይቱ ከሰማይ አይቶ ይጨርሰዋል ብሎ ነው።

ተራው የእማማ ዓለምሸት ሲሆን ወንበሩ አጠገብ ቆመው ቁልቁል አዩት።

"ምኔን ነው የምትመዘግበው?"

"ቤትዎን።"

"ቤቴን ተሸክሜው አልወረድኩም። ቤቴን ልትመዘግብ ከሆነ ቤቴ ና።"

እንዳሻው ሳቀ። "እማማ፣ ይሄ ዲጂታል ነው። ድሮ ነው መሄድ። ፊደል ስላልቆጠሩ ይሆናል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው።"

"ፊደል ባልቆጥርም ቤትና ሾላ እለያለሁ" አሉትና ጨዋቸውን ገዝተው ወደ ኮረብታቸው ወጡ። እንዳሻውም ከስማቸው ትይዩ "ለመመዝገብ ፈቃደኛ አይደሉም" ብሎ ጻፈ። የጠፉት በዚህ ነው።

በመጀመሪያው የመድኃኒት ቀን ሙሜ የሚባለው የሞተር አሽከርካሪ ሳጥኑን ከኋላው አስሮ ተነሳ። ስልኩ እየመራው ሄዶ ሄዶ ከሾላው ሥር ሲደርስ "ደርሰዋል" አለው። ሙሜ ዙሪያውን አየ። የገበያ ቀን አልነበረም። ስልኩ "የአዴ ሞሚና ቤት" ባለው ቦታ ላይ አንድ ግመል ተኝቶ ያመሰኳል።

አዴ ሞሚና ደግሞ የሙሜ አክስት ናቸው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እንደ እናት "አዮ" እያለ ይጠራቸዋል፤ እራቱን የሚበላውም እሳቸው ቤት ነው። ጉልበታቸው ታሞ ከግቢያቸው ከወጡ ሁለት ዓመት ስለሆናቸው፣ በዚያ ገበያ ስማቸውን ያስመዘገበላቸው ራሱ ሙሜ ነው። ግን ምን ያድርግ? ነጥቡ ላይ ቆሞ ካልተጫነ ስልኩ "አልደረሰም" ይላል፤ አልደረሰም የተባለ መድኃኒት ተመልሶ ጭሮ ይሄዳል። ሙሜ ሾላው ሥር ቆሞ እንዳይጫን፣ ግመሉን አክስቴ ነው ብሎ መፈረም ሆነበት። ስለዚህ በዚያን ቀን ሳጥኑን እንደጫነ አክስቱ ቤት ወጣ፤ ውኃ ጠጣ፤ ገንፎ በላ፤ የአክስቱን መድኃኒት እንደታሸገ ይዞ ተመለሰ።

"የኔ ነው አይደለም እንዴ ሳጥን ውስጥ ያለው?" አሉት አዴ ሞሚና።

"ያንቺ ነው፣ አዮ። ግን አንቺ እዚህ አይደለሽም።"

"ማል? ምን ማለትህ ነው? ታዲያ ገንፎውን ማን አበላህ?"

አዴ ሞሚናና እማማ ዓለምሸት የሚለያቸው አንድ የቂንጭብ አጥር ነው። አጥሩ ላይ ደግሞ ከብዙ ወሬ ብዛት ቀዳዳ አለ። ቦኬ ያለው ጤና ጣቢያ "ከእንግዲህ በካርታው ነው" ብሎ እማማ ዓለምሸትን ባዶ እጃቸውን ሲመልሳቸው፣ አዴ ሞሚና ከድሮው የቀረቻቸውን መድኃኒት በቢላ ለሁለት እየከፈሉ በቀዳዳው ያቀብሏቸው ጀመር። እማማ ዓለምሸት ይቀበላሉ እንጂ ያመሰግኑ መሰላችሁ? "ይቺ ደግሞ አነሰች፣ የዛሬ ቢላሽ አድልቷል" ይላሉ።

አሁን አምስት ፍሬ ቀርታለች። ለሁለት አሮጊት ግማሽ ግማሽ ሲደረግ አምስት ቀን። ከዚያ ወዲያ የአዴ ሞሚና ግፊት እንደ ዓምናው ወደ ላይ ወጥቶ አፋቸውን ያጣምመው ይሆናል። ዓምና አፋቸው ተጣሞ የዳነው በስንት መከራ ነው። እማማ ዓለምሸት ለራሳቸው አልፈሩም፤ አፋቸው ቢጣመምም መናገሩን እንደማይተው ያውቃሉ። ለሞሚና ግን ፈሩ። ፍርሃታቸውን ለማንም ሳይናገሩ ዱላቸውን አንስተው ወደ ጤና ኬላው የወረዱት ለዚህ ነው።

"ሞሚናስ?" አሏት አብርሆትን። "እሷም የለችም?"

አብርሆት ታብሌቷን አየች። "እሳቸው አሉ። ከብት ተራ ነው የሚኖሩት።"

"ከማን ጋር?"

"ከአርባ ሰዎች ጋር" አለች አብርሆት፤ ሳቋን መያዝ አቃታት። "እማማ፣ እኔም ስህተቱን አይቼዋለሁ። ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። ካርታው ጸድቋል፣ ተሸልሟልም፣ አሉኝ። እስኪስተካከል ግን ሰው መድኃኒት ማጣት የለበትም። ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ቤቶቹ ወደ ሰዎቹ ካልሄዱ፣ ሰዎቹ ወደ ቤቶቹ ይሂዱ። ከነገ ወዲያ አርባ አንዱም ሾላው ሥር ነጥባቸው ላይ ይቁሙ፤ ሙሜ ይጫን፤ ሁሉም ይውሰዱ። ያ ካርታውን የሠራውም ልጅ ፎቶ ለማንሳት ከጭሮ ይመጣል ብለውኛል።"

"ቤት ለቤት መድኃኒት ለማግኘት ገበያ እንውረድ ነው የምትዪው?"

"እንደዚያ ሲሉት ጥሩ አይመስልም።"

"እኔስ የት ልቁም?"

አብርሆት ታብሌቷን ደግማ አየችና ራሷን ነቀነቀች። እማማ ዓለምሸት ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ከልጅቱ ጋር አልተጣሉም። የሚጣሉት ሰው መምጫው ስለተነገራቸው ጉልበታቸውን ቆጠቡ።

በቀኑ አዴ ሞሚናን አራት ጎረምሶች በቃሬዛ ይዘው ከኮረብታው ወረዱ። እማማ ዓለምሸት ከጎን ከጎን እየሄዱ "በዚህ በኩል ድንጋይ አለ፣ ዓይናችሁ ግንባራችሁ ላይ ነው ወይስ ኪሳችሁ ውስጥ" ይላሉ።

"ወዴት ነው የምትወስዱኝ?" አሉ አዴ ሞሚና ከላይ።

"ወደ ቤትሽ" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"አሁን ያወጣችሁኝ ከየት ነው ታዲያ?"

"ያማ የድሮው ነው።"

"አንቺ ዓለምሸት፣ እነዚህ ልጆች ጤነኞች ናቸው?"

"ዝም ብለሽ ተኚ። አዲስ ቤት ተሰጥቶሻል። ጣሪያ የለውም እንጂ ሰፊ ነው።"

ከብት ተራው ደርሰው ያዩትን አዴ ሞሚና እስከ ዛሬ ይስቁበታል። መሣሪያው ነጥቦቹን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አልከመራቸውም፤ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ በሾላው ዙሪያ በትኗቸዋል። ግማሹ አዛውንት ጥላ ደረሰው፣ ግማሹ ፀሐይ። የኦቦ ቢራቱ ነጥብ እበት ክምር ላይ ወደቀ። እሳቸው ቀስ ብለው ወደ ጥላው ሲጠጉ እዚያ የቆመው ሽማግሌ "ከቤቴ ውጣ" አላቸው።

"ቤትህ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"ሙሜን ጠይቅ።"

"ኦቦ ቢራቱ" አለ ሙሜ ስልኩን እያየ፣ "ያንተ ቤት እዚያ ነው። ሦስት እርምጃ ወደ እበቱ።"

"በሰባ አራት ዓመቴ እበት ላይ ቤት ሠራችሁልኝ?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ ካርታው ነው።"

ግመሉም እዚያው ነበር፤ ባለቤቱ አላስነሳም ብሎ ተቀምጧል። በመጨረሻ የአዴ ሞሚናን ቃሬዛ ከግመሉ ጎን አስጠግተው አስቀመጡት። ሙሜ ተጫነ፤ ስልኩ አረንጓዴ አበራ። አዴ ሞሚና መድኃኒታቸውን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። "አልሃምዱሊላህ" አሉ፣ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው። እማማ ዓለምሸት ይህን ሲያዩ ዓይናቸው ውስጥ ነገር ገባባቸው፤ አቧራ ነው አሉ።

ያን ጊዜ ነው እንዳሻው የደረሰው። ነጩን ጫማ አድርጓል፣ ታብሌቱን ይዟል፣ ጥርሱን እያሳየ ነው። ከነጥቦቹ በቀር ያየው ነገር የለም።

"አርባ አንድ ቤት በአንድ ሰዓት" አለ ለአብርሆት። "ጭሮ ከተማ ውስጥ እንኳ እንዲህ ዓይነት ፍጥነት የለም።"

አብርሆት ወደ ሰማይ አየች።

እንዳሻው ካሜራውን አዘጋጅቶ ወደ አዴ ሞሚና ቃሬዛ ሲጠጋ ዱላ በደረቱ ላይ ተጋደመ።

"ሰው ቤት በጫማ ይገባል?" አሉት እማማ ዓለምሸት።

እንዳሻው መሬቱን አየ። "የምን ቤት?"

"የሞሚና ቤት ነዋ። የምትሰግድበት ቤት ነው። ጫማህን አውልቅ።"

ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። አርባ አንድ አዛውንት በአንድ ጊዜ ጫማ ሲያይ ደግሞ ያስፈራል። እንዳሻው ሳያስበው አንዱን ጫማ አወለቀ፤ ከዚያ ሁለተኛውን።

"አሁን የቆምከው ጓዳዋ ውስጥ ነው" አሉት እማማ ዓለምሸት። "ጎረቤት ምን ይላል? ውጣ።"

እንዳሻው ወደ ግራ ሊሄድ አለ።

"በዚያ አይደለም፣ ግድግዳ ነው።"

ወደ ቀኝ ዞረ።

"እሱ ምድጃዋ ነው። ልትቃጠል ነው? ወደ ኋላህ ሂድ። ሂድ። ትንሽ ቀርቶሃል።"

ወደ ኋላው ሄዶ በካልሲው እበቱ መሀል ገባ።

"እንግዲህ ደግሞ ቢራቱ ቤት ገባህ" አሉት። "ሳታንኳኳ።"

"ኧረ ግባ" አሉ ኦቦ ቢራቱ ክፉኛ ኮስተር ብለው። "ተቀመጥ። ቤት ያፈራው ይሄ ነው።"

ከብት ተራው በሳቅ ተናወጠ። አዴ ሞሚና ቃሬዛቸው ላይ ሆነው ሆዳቸውን ያዙ። ግመሉ ብቻ አልሳቀም። እንዳሻው እበቱ ውስጥ እንደቆመ ታብሌቱን አየ፤ ሾላውን አየ፤ አርባ አንዱን ነጥብ አየ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

"ሳተላይቱ..." አለ።

"ሳተላይቱ ምን አደረገ? ያየውን ነው የጻፈው" አሉት። "አንተ ተቀምጠህ ነበር፣ ተቀምጠሃል ብሎ ጻፈ። ከአንተ እሱ ይሻላል፣ አይዋሽም።"

እንዳሻው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰነፍ ነበር እንጂ። ጆሮው ድረስ ቀላ። "አስተካክለዋለሁ እማማ። ጭሮ ስመለስ ለእያንዳንዱ ሰው እደውላለሁ። የቤታቸውን አቅጣጫ በስልክ ይነግሩኛል፣ እኔም..."

"እነዚህ አራቱ ልጆች ደክሟቸዋል" አሉት እማማ ዓለምሸት። "ጫማህን አድርግና አንዱን ጫፍ ያዝ።"

"የምኑን?"

"የቃሬዛውን።"

እንዳሻው ወደ አብርሆት ዞረ። አብርሆት ታብሌቱን ከእጁ ተቀብላ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት። "እጅዎ ነፃ እንዲሆን ነው" አለችው። ወዲያው ለሙሜ ደግሞ ስም ያልተጻፈበት አንድ የመድኃኒት እሽግ ሰጠችው። "ነጥብ ሲገኝለት ስጥ።"

በዚህ ዓይነት ካርታው እንደገና ተሠራ። እንዳሻው የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ትከሻው ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣ። እማማ ዓለምሸት ከፊት ይመራሉ፤ አዴ ሞሚና ከላይ ያዛሉ። በየመንገዱ ቤት ሲገኝ "አቁም" ይሉታል። ያቆማል፤ ቃሬዛውን ያወርዳል፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጫናል፤ ደግሞ ይሸከማል። ከወንዙ ማዶ ሁለተኛው ውሻ ሲጮህ ቆመ፤ ቀድመው የደረሱት ኦቦ ቢራቱ እንዳሉት ወጡ።

"አሁን እበት የለም?" አለ እንዳሻው።

"አለ፤ ግን የራሴ ነው" አሉት።

ግማሽ መንገድ ላይ ነጩ ጫማ ቀይ ሆነ። ሁለት ሦስተኛው ላይ አንዱ ሶል አፉን ከፈተ።

"ይሄ ልጅ ተነፈሰ" አሉ አዴ ሞሚና ከላይ። "ዓለምሸት፣ ግፊቱን ለኪለት።"

"አልተነፈሰም፣ እየተማረ ነው።"

የአዴ ሞሚና ደጃፍ ሲደርሱ እንዳሻው ጫማውን ማንም ሳያዘው አወለቀ፤ ገባ፤ ተጫነ፤ ወጣ። የሙሜ ስልክ "አዴ ሞሚና" ሲል የአክስቱን ቤት አሳየው። ሙሜ ስልኩን ደጋግሞ አየና "ወላሂ፣ እራት የምበላበት ነው" አለ።

ቀጥሎ አጥሩን ዞረው እማማ ዓለምሸት ግቢ ገቡ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እማማ ዓለምሸት የነጠላቸውን ጫፍ አስተካክለው፣ ፎቶ የሚነሱ ይመስል ደጃፋቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። እንዳሻው ስማቸውን ጠየቀ፤ ተናገሩ። ዕድሜያቸውን ጠየቀ፤ "ጻፍ ብቻ፣ ብዙ" አሉት። "ለመመዝገብ ፈቃደኛ አይደሉም" የሚለውን ሰረዘ። ተጫነ። ሙሜ ስም የሌለውን እሽግ አውጥቶ ስም ጻፈበትና በሁለት እጁ ሰጣቸው።

እማማ ዓለምሸት መጀመሪያ ወደ አጥሩ ሄዱ። በቀዳዳው በኩል "ሞሚና፣ ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ሙሉውን ዋጪ፤ ቢላሽን ለሽንኩርት አድርጊው" አሉ።

"የሚያመሰግን ሰው እንዲህ ነው የሚለው?" የሚል ድምፅ መጣ ከማዶ።

እማማ ዓለምሸት እሽጉን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡ። ተመልሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደሚያሸው እንዳሻው መጡ።

"እስቲ አሳየኝ።"

አሳያቸው። ከአረንጓዴው ኮረብታ መሀል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አለች፤ ምስር አታክልም። እማማ ዓለምሸት ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩዋት።

"እኔ ይቺ ነኝ?"

"ይቺ ነዎት እማማ። ከእንግዲህ ማንም የሉም አይልዎትም።"

"በምን አውቃለሁ?"

"እንዴት በምን? ይኸው አለች እኮ።"

"ሞሚናም ከግመል ጋር ነበረች።" እማማ ዓለምሸት ቀጥ አሉና ዱላቸውን ወደ ቁልቁለቱ ቀሰሩ። "እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በሰው ቃል ደግሞ አላምንም። ስለዚህ ተነስ። ከታች መኪናው መንገድ ድረስ ውረድ። ከዚያ ዞረህ፣ በዚህች ነጥብህ ብቻ እየተመራህ ወደ ቤቴ ና። ሙሜ አይከተልህም። በመንገድ ያገኘኸውን ሰው አትጠይቅ፤ ቢነግርህም ጆሮህን ያዝ። ውሻውን እፈታዋለሁ፤ እሱ የሚጮኸው ለተሳሳተ ሰው ነው። ደጃፌ ላይ ቆመህ ስሜን ከጠራኸኝ አለሁ ማለት ነው፣ እራትህንም እሰጥሃለሁ። በል ውረድ፤ ጫማህን እሰረው።"